ቀላል ብስክሌት፣ ቀላል ያልሆነ ጎማ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በብስክሌት ቡድናችን ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የብስክሌት ቡድናችን የበጀት ጥያቄ ሲነበብ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ አንድ ጥያቄ አንሥተው ነበር። «አራት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልንገዛ ነው ብላችኋል፤ ጥሩ። ብስክሌት ደግሞ ከነጎማው ነው የሚሸጠው። ታዲያ ለጎማ ተብሎ ለብቻው 900 ዶላር የሚጠየቀው ለምንድን ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ይህ ገንዘብ ከየወሩ መዋጮአችንና ከደጋፊዎቻችን ኪስ የወጣ ነው፤ እያንዳንዱ ብር ወይም ዶላር መልስ ሊሰጥበት ይገባል። እኔ ግን ያን ቀን «ለደኅንነት ነው» ብዬ ብቻ ተቀመጥኩ። ያ መልስ አልነበረም። ዛሬ መልሱን ይዤ መጥቻለሁ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። በቀላል የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ላይ ክብደት የሚቆጠብባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ጎማ ግን ከእነርሱ አንዱ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ ግን ክብደቱ በቅድሚያ የሚቆጠበው ከጎማው ነው።

ምን ዓይነት ብስክሌት ነው?

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። እኛ ልንገዛው ያሰብነው እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ እየጠመዘዙ የሚነዱትን ዓይነት አይደለም። ፔዳሉን ስትረግጡ ሞተሩ ያግዛችኋል፤ መርገጥ ስታቆሙ እሱም ያቆማል። ፍጥነቱ በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ እርዳታውን ይተዋል። ኮሎራዶ በ2017 ባወጣው ሕግ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችን በሦስት ክፍል መድባለች፤ ይህ አንደኛው ክፍል ነው። የጄፈርሰን ካውንቲ ክፍት መሬቶች፣ እነ አፔክስና ኋይት ራንች ያሉበት፣ በአፈር መንገዳቸው ላይ የሚፈቅዱት አንደኛውን ክፍል ብቻ ነው። በብሔራዊ ደን ውስጥ ያሉ ለሞተር የተከለከሉ መንገዶች ደግሞ፣ ተለይቶ ካልተፈቀደ በስተቀር፣ ለእኛም ክልክል ናቸው። ስለዚህ ቡድናችን የሚሄደው በካውንቲው መንገዶች ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ባለ ሙሉ ጉልበት የሚባለው ነው። ሞተሩ 85 ኒውተን ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የመጠምዘዝ ኃይል አለው፤ ባትሪው ከ600 እስከ 750 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ክብደቱ ከ22 እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ሁለተኛው ቀላሉ ነው። ስፔሻላይዝድ በ2020 ያወጣው ቱርቦ ሌቮ ኤስ ኤል 35 ኒውተን ሜትር ኃይልና 320 ዋት ሰዓት ባትሪ ነበረው። በዚያው ዓመት የወጣው የኦርቤያ ራይዝ 60 ኒውተን ሜትርና 360 ዋት ሰዓት ነበር። በ2022 የመጣው የትሬክ ፊዩል ኢ ኤክስ ኢ ደግሞ 50 ኒውተን ሜትርና 360 ዋት ሰዓት ነው። የእነዚህ ክብደት እንደ አሠራራቸው ከ17 እስከ 20 ኪሎ ገደማ ነው።

እኛ ቀላሉን የመረጥነው ለቅንጦት አይደለም። ብዙዎቻችን ከ55 እስከ 65 ኪሎ የምንመዝን ሴቶች ነን። ለ55 ኪሎ ሴት 24 ኪሎ ብስክሌት ማለት የራሷን ክብደት 44 በመቶ ያህል ማንሣት ማለት ነው። 18 ኪሎ ሲሆን ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። ብስክሌቱን መኪና ላይ የሚጭንላት ሰው የሌላት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ አሳንሰርም የሌላት እኅት ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች። ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅም ቀላሉን በእግር ጉልበት እየነዱ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ከባዱ ግን ያንን ቀን የሚያስረሳ አይደለም።

ቅለቱ ከየት መጣ?

ብስክሌት አምራቾች ክብደትን የሚቀንሱት በብዙ መንገድ ነው። ሞተሩን ያሳንሳሉ፣ ባትሪውን ያሳንሳሉ፣ ፍሬሙን ከካርቦን ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ያስወጣል። አንድ ርካሽ መንገድ ግን አለ፤ ስስ ጎማ መግጠም። በሁለቱ ጎማዎች ላይ ብቻ ግማሽ ኪሎ ያህል መቀነስ ይቻላል። ገዢ ሱቅ ገብቶ ብስክሌቱን በእጁ ከፍ አድርጎ ሲመዝን «ወይኔ፣ እንዴት ይቀላል!» ይላል። ጎማውን ግን በጣቱ ተጭኖ፣ ጎኑን ዳስሶ አያየውም። እኔም አላየሁም ነበር።

የራሴን ነገር የማነሣው ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ያገለገለ ቀላል የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ጎማው ስስ ነበር፤ ላስቲኩም ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ ጠንከር ያለ። ባለሙያው በ35 ፒኤስአይ ግፊት ነፍቶ፣ ድንጋይ እስኪመስል አጠንክሮ ሰጠኝ። ጠንካራ ጎማ ጥሩ ጎማ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ገደል ባልሆነ፣ ፍጥነትም በሌለበት ኩርባ ላይ የፊት ጎማዬ ከሥሬ ሸሸ። ወደ ግራ ወደቅሁ፤ እጄን ዘረጋሁ፤ የግራ አንጓዬ ተሰበረ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። ሰውን በአንድ እጅ ከአልጋ ማንሣት አይቻልም። ስድስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። የዚያን ወር የቤት ኪራዬን የሸፈነው ይህ ማኅበር ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጎማ የማወራው ስለ ስፖርት ብቻ አይደለም። አንድ መጥፎ ጎማ ለእኔ የስድስት ሳምንት ደመወዝ፣ ለማኅበሩ ደግሞ የአንድ ወር ኪራይ ዋጋ አስከፍሏል። ከዚያ ወዲህ ጠይቄም አንብቤም፣ በገዛ እጄ አውልቄና ገጥሜም የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። ስለ ጎማ አራት ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ሸማውን፣ ላስቲኩን፣ ጥርሱንና አየሩን።

ሸማው

ጎማ ሲያዩት ጥቁር ላስቲክ ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን የናይለን ክር ነው፤ ላስቲክ የጠጣ ጨርቅ ብትሉት አትሳሳቱም። ባለሙያዎች ኬዚንግ ይሉታል። እኔ ለቡድናችን ሳስረዳ ነጠላና ጋቢ እላለሁ። ሁለቱም ሸማ ናቸው፤ ሁለቱም ከጥጥ ናቸው። ነጠላ ለብሳችሁ ግን የሐምሌን ብርድ አትመክቱም።

ማክሲስ የተባለው አምራች ኤግዞ የሚለው ነጠላው ነው፤ አንድ ድርብ ሆኖ ጎኑ ላይ መጠነኛ መከላከያ አለው። ኤግዞ ፕላስ ከዚያ ጠንከር ይላል። ደብል ዳውን ስሙ እንደሚለው ባለ ሁለት ድርብ ነው። ሽዋልቤ የተባለው የጀርመን አምራች ደግሞ ሱፐር ግራውንድ፣ ሱፐር ትሬይል፣ ሱፐር ግራቪቲ እያለ ከስስ ወደ ወፍራም ይሄዳል። እነዚህ ስሞች ጎማው ጎን ላይ ተጽፈዋል። ሱቅ ስትገቡ ከጎማው ስም ቀጥሎ ይህን ጠይቁ፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ጥርስ ያለው ጎማ በነጠላም በጋቢም ይሸጣል። የአንዱ ጎማ ክብደት ልዩነት ከ150 እስከ 300 ግራም ያህል ነው።

ይህ ውፍረት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ጎማው ሹል ድንጋይ ሲመታ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆረጠማል። ስስ ከሆነ ይበሳል ወይም ጎኑ ይቀደዳል። ሞተር የሌለው የተራራ ብስክሌት 13 ወይም 14 ኪሎ ነው። የእኛ «ቀላሉ» እንኳ ከዚያ አራት አምስት ኪሎ ይበልጣል። ሞተሩም ከኋላ እየገፋ ድንጋይ የበዛበትን ዳገት በእግራችን ብቻ ከምንወጣው በላይ በፍጥነት ያስወጣናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በተለይ የኋላው ጎማ ነው፤ የነጂዋ ክብደት የሚያርፈው ይበልጥ በእሱ ላይ ነውና። አፔክስ ወይም ኋይት ራንች የወጣች ሰው ድንጋዩን አይታዋለች።

«ወፍራም ጎማ ከገጠምን ግን ቀላል ብስክሌት የገዛንበት ትርጉም ምኑ ላይ ነው? ባትሪውንስ አይበላውም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ነጂዋን፣ ብስክሌቱንና ውኃዋን ጨምሮ ጠቅላላው 90 ኪሎ ነው እንበል። 20 ኪሎ ሜትር ሄዳ በአጠቃላይ 600 ሜትር ዳገት ወጣች እንበል። ያን ሁሉ ክብደት ወደ ላይ ለማውጣት 147 ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ከፊሉ ከእግሯ፣ ከፊሉ ከሞተሩ። በሁለቱ ጎማ ላይ ግማሽ ኪሎ ብንጨምር የሚጨመረው ጉልበት 1 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባትሪው 360 ነው። ጎማ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ ከቆመበት ሲነሣ ክብደቱ ትንሽ ይበልጥ ይሰማል፤ እውነት ነው። በቀኑ መጨረሻ ባትሪው ላይ ግን ልዩነቱን አታዩትም። የእጅ ቦርሳችን ውስጥ ያለው የውኃ ጠርሙስ ከዚያ ይከብዳል።

ላስቲኩ

ባትሪውን በእርግጥ የሚበላው ሌላ ነገር ነው። እርሱም ላስቲኩ ነው።

ለስላሳ ላስቲክ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፤ አይንሸራተትም። ነገር ግን ሲንከባለል ይጎትታል፤ ቶሎም ያልቃል። ጠንካራው ላስቲክ ይሮጣል፤ ረጅም ጊዜም ያገለግላል፤ ግን ይንሸራተታል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። አሁንም እናስላ። የሚጎትተው ኃይል ከጠቅላላው ክብደት በግማሽ በመቶ ብቻ ቢጨምር፣ በ90 ኪሎ ላይ 4.4 ኒውተን ያህል ይሆናል። ትንሽ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ሙሉ ሲጎትት ግን 24 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ከግማሽ ኪሎው ክብደት ጋር አስተያዩት፤ ያኛው 1 አልሞላም። ባለ 750 ዋት ሰዓት ባትሪ የያዘ ሰው 24 ቢጎድልበት አይሰማውም። በ360 ለምንሄድ ለእኛ ግን የመጨረሻው ዳገት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀላል የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲሆን ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። የኋላው ጎማ ቢንሸራተት ብስክሌቱ ጅራቱን ያወዛውዛል፤ እንደነግጣለን፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንወድቅም። የፊቱ ከሸሸ መሬት ላይ ነን። እኔን የጣለኝ የፊቱ ነው። ስለዚህ ለስላሳውን ላስቲክ ለፊት፣ ጠንከር ያለውን ለኋላ እናደርጋለን። የኋላው ብዙ ክብደት ስለሚሸከም ለስላሳ ቢሆን የሚጎትተውም፣ የሚያልቀውም እሱ ይበዛ ነበር። በማክሲስ አጠራር ከፊት ማክስግሪፕ ወይም ማክስቴራ፣ ከኋላ ማክስቴራ ወይም ዱዋል ነው። በሽዋልቤ አጠራር ከፊት አዲክስ ሶፍት፣ ከኋላ አዲክስ ስፒድግሪፕ ነው።

ሸማው ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወፍራሙ ለኋላ፣ መካከለኛው ለፊት። በቃላችሁ ለመያዝ እንዲመች፣ «ፊት ይያዝልን፣ ኋላ ይቻልልን» እንላለን በቡድናችን።

ጥርሱ

የዴንቨር አካባቢ ተራሮች አፈር ለየት ያለ ነው። ግራናይቱ ይፈረካከስና ጥራጥሬ ይሆናል። ሥሩ ጠንካራ መሬት፣ ላዩ ልቅ ጠጠር። በሲሚንቶ ወለል ላይ ሽምብራ ተበትኖ በላዩ መሄድን አስቡት።

ብዙ ሰው «ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ይሻላል» ይላል። ለጭቃ እውነት ነው። እዚህ ግን ረጅሙ ጥርስ ጠንካራውን መሬት አይበሳም፤ በላዩ ላይ ይታጠፋል፣ ይወላገዳል። የሚያስፈልገን መካከለኛ ቁመት ያለው፣ በተለይ በጎንና በጎን ያለው ረድፍ ጠንካራ የሆነ ጥርስ ነው፤ ኩርባ ላይ ስንጋደል መሬት የሚይዝልን የጎኑ ረድፍ ነውና። ከፊት እንደ ማክሲስ አሰጋይ ወይም ሚኒየን ዲ ኤች ኤፍ ያለ፣ ከኋላ እንደ ዲሴክተር ያለ መሀሉ ዝቅ ብሎ ጎኑ የጠነከረ ጎማ ለዚህ አፈር ይስማማል። በነገራችን ላይ አሰጋይ የደቡብ አፍሪካ ጦር ስም ነው፤ ጎማውን ከአምራቹ ጋር የሠራው ደቡብ አፍሪካዊው ተወዳዳሪ ግሬግ ሚናር ነው። ከሽዋልቤ ደግሞ ከፊት ማጂክ ሜሪ፣ ከኋላ ኖቢ ኒክ ይቀርባል። ስፋቱ 2.4 ኢንች አካባቢ ይሁን። ከዚያ በላይ ብንሰፋ ክብደቱም መጎተቱም ይጨምራል። ጎማው ላይ 29 ወይም 27.5 ተብሎ የተጻፈው የመንኰራኵሩ መጠን ነው፤ አንዳንድ ብስክሌት ከፊት 29፣ ከኋላ 27.5 ስለሆነ ከመግዛታችን በፊት ሁለቱንም ማንበብ አለብን። ስንገጥመውም ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ያመልክት።

በረዶ ቀልጦ መንገዱ ሲጨቀይስ ምን ዓይነት ጥርስ እንግጠም? ምንም። ያን ቀን ቤታችን እንቀመጥ። በጭቃ የተተወ የጎማ ቦይ ሲደርቅ በጋውን ሙሉ ይቆያል፤ ከኛ በኋላ በእግሩ የሚሄደውም ይሰናከልበታል።

አየሩ

ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚረሳው አየሩ ነው። ጎማ ሲጠነክር ጠጠሩ ላይ ይነጥራል፤ ትንሽ ሲለሰልስ ግን የመሬቱን ቅርጽ ይይዛል። ትክክለኛው ግፊት በነጂዋ ክብደት ይወሰናል። ለሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። እኔ 58 ኪሎ ሆኜ የ90 ኪሎ ወንድ በሚነፋው ልክ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ተነፍቶልኝ ነበር።

2.4 ኢንች ስፋት ላለውና ካላማዳሪያ ለሌለው ጎማ፣ ከ55 እስከ 60 ኪሎ የሆነች እኅት ከፊት 19፣ ከኋላ 22 ፒኤስአይ ይዛ ትጀምር። 75 ኪሎ የሆነች ከፊት 22፣ ከኋላ 25 ትያዝ። ከዚያ ራሷ ታስተካክለው። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማች 1 ትጨምር። መሪው እጇ ላይ እየነጠረ ካስቸገራት 1 ትቀንስ። ወፍራም ሸማ ያለው ጎማ ዝቅ ባለ ግፊትም ራሱን ችሎ ይቆማል። ጋቢው በዚህም በኩል ይክሰናል፤ ስሱን ጎማ እንዳይበሳ ብለን ከመጠን በላይ ለመንፋት እንገደዳለን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ይንሸራተታል። የእኔ አደጋ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ነበር።

መለኪያውን አትርሱ። በጣት ተጭኖ መገመት 35ንና 25ን አይለይም። ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ገዝተን ለቡድኑ እናስቀምጣለን። ብርድም ይቆጠራል፤ ሞቅ ካለ ጋራዥ ውስጥ በ24 የተነፋ ጎማ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ወደሚቀዘቅዝ ውጭ ሲወጣ ከ2 ፒኤስአይ በላይ ይወርዳል። ስለዚህ የሚለካው ጠዋት፣ ልንነሣ ስንል ነው።

ስለ ኩርንችት

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ነገር ልምጣ። በባዶ እግሩ ሜዳ ላይ የሮጠ ሁሉ ኩርንችትን ያውቃል። ያቺው ኩርንችት እዚህም አለች። አሜሪካኖች የፍየል ራስ ይሏታል፤ ሁለት ቀንድ ስላላት። በዴንቨርና በአውሮራ ዙሪያ በየመንገዱ ዳር፣ በየመኪና ማቆሚያው ጥግ ተሰራጭታለች። በበጋ ማብቂያ ላይ ፍሬዋ ሲደርቅ ካላማዳሪያ ያለውን ጎማ ከቤት ሳንርቅ ታስተነፍሰዋለች።

ለዚህ መፍትሔው ካላማዳሪያውን አውጥቶ በውስጡ ፈሳሽ ማድረግ ነው። ቱብለስ ይሉታል። ፈሳሹ ከላቴክስ የተሠራ ነው፤ እሾህ ሲወጋው በቀዳዳው ወጥቶ ወዲያው ይረጋና ይደፍነዋል። ለአንድ ጎማ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ካላማዳሪያው ከዚያ ይከብድ ስለነበር፣ ለወፍራሙ ሸማ የጨመርነውን ክብደት በከፊል በዚህ እናገኘዋለን። ፈሳሹ ለማይደፍነው ትልቅ ቀዳዳ ከውጭ የሚሰካ መሰኪያ አለ። ጎማው ሳይወልቅ በደቂቃ ውስጥ ይሠራል። ይህን ቡድናችን ውስጥ ያለች ሁሉ እስክትችለው ድረስ እንለማመደዋለን። ጎሚስታ ተራራ ላይ የለም።

ነገር ግን ፈሳሹ ይደርቃል። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ማየትና መጨመር ያስፈልጋል። አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ፤ ስለ ጎማ የተናገሩት ይመስለኛል።

ገንዘቡ

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። አንድ ጥሩ የተራራ ብስክሌት ጎማ ከ60 እስከ 100 ዶላር ይሸጣል። አራት ብስክሌት ስምንት ጎማ ነው። ፈሳሹን፣ ቫልቩን፣ መሰኪያውንና መለኪያውን ጨምረን 900 ብለናል። ይህን ለመቀነስ ሁለት ሐሳብ አለን። አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ሻጩ የተገጠመውን ጎማ እንዲቀይርልንና ልዩነቱን ብቻ እንድንከፍል እንጠይቃለን። አራት ብስክሌት ባንድ ጊዜ የሚገዛ ደንበኛ ይህን መጠየቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ካልተስማሙ የወለቀውን ጎማ እንሸጣለን። የተረፈው ገንዘብ ወደ ማኅበሩ ሣጥን ይመለሳል፤ ደረሰኙም በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል።

«የፋብሪካውን ጎማ አስቀድማችሁ ጨርሱትና ከዚያ ቀይሩ» ያሉኝም አሉ። በከተማ ብስክሌት ቢሆን እስማማ ነበር። እዚህ ግን ብስክሌቱን የሚነዱት መንዳት በቅርቡ የተማሩ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ብስክሌት ሲከራይ ቆመን ያየን እንጂ የተከራየን አይደለንም። ብስክሌት የወንዶች ነበር። አሁን በአርባና በሃምሳ ዓመታችን ስንጀምር ልምድ የሌለውን ሰው ከመጥፎ ጎማ ጋር ማገናኘት አይገባም። ልምድ ያለው ሰው ጎማው ሲሸሽ ሰውነቱ ያውቀዋል፤ ያርመዋል። ጀማሪዋ የምታውቀው መሬት ላይ ስትደርስ ነው። ጥሩው ጎማ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለጀማሪዋ ነው።

አንዲት ታላቅ እኅታችን ደግሞ፣ «ልጄ፣ ከወደቁ ከነጎማውም ይወድቃሉ፤ ለምን በእግራችን አንሄድም?» ብለውኛል። እውነት አላቸው። ጎማ ከመውደቅ ሁሉ አያድንም። የሚያስፈራ ቁልቁለት ሲመጣ ወርዶ በእግር መሄድ የቡድናችን የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ማንም ሴት በዚህ አትታፈርም። እኔ ግን የወደቅሁት በሚያስፈራው ቦታ አልነበረም። ሁሉ ሰው በሚያልፍበት ኩርባ ላይ ነው። ጎማ የሚጠቅመው እንደዚያ ባለው ቦታ ነው።

ብስክሌት ለሌላችሁም አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ብስክሌት ጋራዥ ውስጥ ተመልከቱ። ጥርሱ ተልጧል? ጎኑ ላይ ክር ወጥቷል? ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል? ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ልጁን ቅዳሜ ከመውጣቱ በፊት ወደ እኛ ላኩት። ጎማ ማውለቅና መግጠም አሁን እኛው እንችላለን፤ ለአባላት በነፃ እንሠራለን።

አንጓዬ ድኗል። ብርድ ሲሆን ትንሽ ያስታውሰኛል እንጂ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም እወጣለሁ። ከፊት ያለው ጎማዬ ለስላሳ ነው፤ ከኋላ ያለው ጋቢ ነው። ግፊቱን ጠዋት ጠዋት እለካለሁ። ያችን ኩርባ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልፌባታለሁ።

900 ዶላሩ ይፈቀድልን ዘንድ ቡድናችን በአክብሮት ይጠይቃል።